ለባዳ የተነገረ ሕመም

ሆሳዕና ውስጥ ሚስጥር አይበረክትም። ይህን የምለው ከተማዬን ለማማት አይደለም፤ ልጅነቴ ጊምቢቹ ቢሆንም ትዳርም ሥራም የያዝኩት እዚሁ ነውና ባማ ራሴን ነው የማማው። ጠዋት ባጃጅ ስሳፈር ያየኝ ሰው ከሰዓት በኋላ "የት ደርሰሽ መጣሽ?" ይለኛል። ሐኪም ቤት በር ላይ የታየ ሰው ገና ካርድ ሳያወጣ የሕመሙ ስም ሰፈር ይገባል፤ ብዙ ጊዜም የሚገባው ስም የተሳሳተ ነው። እንዲህ ባለ ከተማ የምትኖር ሴት ተነስታ ስለ ግል መረጃ መብት ልከራከር ስትል ሰው ቢስቅ አይፈረድበትም። ባልደረቦቼም ስቀዋል። "አንቺ ደግሞ የምን ሚስጥር አለሽና ነው?" ብለውኛል።

ስቀው ሲጨርሱ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ። በእኛ ዘንድ ያወቀ ሰው ይመጣል። መታመምህን የሰማ ጎረቤት ወተት ይዞ በርህን ያንኳኳል። ወሬኛ የምትባለዋ ሴት እንኳ ወሬውን ሰፈር ለሰፈር ከማዞሯ በፊት መጥታ "እግዚአብሔር ይማርህ" ትላለች፤ ቢያንስ ሕመሙን በዓይኗ ለማየት ትመጣለች። ማወቅና መጠየቅ ተለያይተው አያውቁም ነበር። የአባቴን ሕመም ግን አውቆ ያልመጣ፣ ወተትም ያልያዘ፣ ከሁላችንም ቀድሞ ግን ለራሱ ለአባቴ የነገረው አለ። ይህን የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

አባቴ የሒሳብ መምህር ነበር። ጊምቢቹ ሳለን ልጆቻቸው ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄዱባቸው እናቶች ደብዳቤ ሲደርሳቸው ወደ እኛ ቤት ይዘውት ይመጡ ነበር፤ ማንበብ አይችሉማ። አባቴ ፖስታውን ከመቅደዱ በፊት እኛን ልጆቹን ወደ ጓሮ ይሰደናል፤ እናቴንም ጭምር። በሩን ገርበብ ያደርገዋል። እኛ እንሰቱ ሥር ቆመን የሴትዮዋን ሳቅ ወይም ለቅሶ እንሰማለን እንጂ ቃሉን አንሰማም። እናቴ የዳምቦያ ልጅ ናት፤ ወሬ ሲያልፋት ሆዷ አይችልም። እራት ላይ "ምን አለ ልጁ?" ትለዋለች። አባቴ ጎመኑን እያኘከ "ሰላም ነኝ ብሏል" ይላል። በአባቴ አነጋገር ሁሉም ልጆች በሁሉም ደብዳቤ ሰላም ነበሩ። አንድ ቀን እናቴ መረራትና "እንግዲያው ያቺን ሴትዮ ምን አስለቀሳት?" አለችው። "ሰላም መሆኑ" አላት።

ያ ጊዜ ይናፍቀኛል። ጭቃውና የመብራት እጦቱ አይደለም የሚናፍቀኝ፤ እሱማ አሁንም አልተለየንም። የሚናፍቀኝ ያ ገርበብ ያለ በር ነው። የሰውን ጉዳይ የሚያውቅ ሰው ማወቁን እንደ አደራ ይዞት ሲኖር ማየት ለልጅ ትልቅ ትምህርት ነበር፤ እኔ ግን ያኔ ትምህርት መሆኑን አላወቅኩም፤ ከጨዋታ የሚያባርረን አመለኛ አባት ነበር የሚመስለኝ።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ሆሳዕና ቤት ሠርተን አጠገቤ ገባ። እኔም ደህና ስልክ ገዛሁለት። ስገዛለትም በእኛ ከተሞች ለወላጅ ስልክ ሲገዛ ሁላችንም የምናደርገውን አደረግኩ፦ የራሴን ኢሜይል አስገባሁበት። ለእሱ ለብቻው ኢሜይል መክፈት ምን ያደርጋል? የይለፍ ቃሉን ይረሳዋል፣ ስልኩ ይቆለፍበታል፣ ከዚያ እኔው ነኝ የምሮጠው። ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ቢታይ በልጅ ኢሜይል የተከፈተ የአባት ስልክ ስፍር ቁጥር የለውም። ያውም እኔ የአይሲቲ መምህርት ነኝ። መብራት ባለ ቀን ለተማሪዎቼ ስለ ኢንተርኔት ደኅንነት አስተምራለሁ፤ መብራት በሌለ ቀን ደግሞ ሰሌዳ ላይ ኮምፒውተር ሥዬ አስተምራለሁ።

አባቴ ስልኩን ወደደው። ጠዋት ጠዋት አቮካዶው ዛፍ ሥር ወንበሩን አውጥቶ በሀዲይኛ የተዘመሩ መዝሙሮችን በቪዲዮ ይከፍታል። ጆሮው ትንሽ ደከም ስላለ ድምፁን እስከ መጨረሻው ይለቀዋል። እናቴ ከጓሮ ሆና "ሌሞ ድረስ አሰማህ እኮ!" ትለዋለች። እሱ "ሌሞም ወንጌል ያስፈልገዋል" ይላል። ዶሮዎቹ እግሩ ሥር ይጭራሉ። ይህን ስጽፍ ያ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ ቆጮ አልወርድ አለው። መጀመሪያ "ደርቆ ነው" አለ፤ ቀጥሎ ዳቦውም፣ ቀጥሎ ለስላሳው ገንፎም። እዚህ ታይቶ ወደ አዲስ አበባ ተላከ። እዚያ ሐኪሙ አባቴን ከውጭ አስቀምጦ እኔንና አዲስ አበባ የሚሠራውን ታናሽ ወንድሜን ወደ ውስጥ ጠራን። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው አለን፤ ተሰራጭቷል፤ ብዙ የሚደረግ ነገር የለም። "ለእሳቸው ማን ይንገራቸው?" ብሎ ሲጠይቀን ሁለታችንም በአንድ አፍ "እኛ እንነግራለን" አልን። ስንወጣ አባቴ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። "ምን አላችሁ?" አለ። ወንድሜ "ጨጓራ ነው" አለው። የኢትዮጵያ ሕዝብ በሙሉ ጨጓራ ነው ሲባል ይጽናናል፤ አባቴም የተጽናና መሰለን።

በእኛ ቤት ክፉ ነገር እንዲሁ አይወረወርም። መርዶ ሰው ይመረጥለታል፤ ሰዓት ይመረጥለታል። የሚነገረው ሰው ለብቻው እንዳይሆን፣ ባዶ ሆዱን እንዳይሆን፣ ሲነገረው የሚይዘው ሰው አጠገቡ እንዲኖር ይታሰባል። ለሞት ብቻ አይደለም፤ እንዲህ ላለው ሕመምም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ተመካከረ። ከሌሞ አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ይመጣል፤ ከቤተ ክርስቲያናችን አንድ ሽማግሌ አብረው ይሆናሉ፤ ጠዋት፣ ከመስቀል በዓል በኋላ። እስከዚያ አባቴ በዓሉን በደስታ ይዋል አልን። የመጨረሻው መስቀሉ ሊሆን ይችላልና ይህን ደስታ ለማንም አሳልፈን አንሰጥም ብለን ተማማልን።

እኔ ግን ዝም ብሎ መጠበቅ አልሆነልኝም። አንድ ቀን በተማሪዎች ምዝገባ ሰሞን መምህራን ክፍል ተቀምጬ የሕመሙን ስም ስልኬ ላይ ጻፍኩ። አንዱ ገጽ ሌላውን እያመጣ ሕመምተኞችን ወደ ውጭ አገር የሚልክ ድርጅት ዘንድ አደረሰኝ። የሚሞላ ፎርም ነበር። የታማሚው ዕድሜ፣ ዝምድናዎ፣ የሕመሙ ዓይነት፣ የደረሰበት ደረጃ፣ ስልክ ቁጥርዎ። ሁሉንም ሞላሁ። ከታች በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ብዙ ነገር ነበር፤ ከሥሩ "እስማማለሁ" ይላል። ተጫንኩት። በዚያች ደቂቃ ከጎኔ የተቀመጠችው ባልደረባዬ አንገቷን ሰገግ ስታደርግ ስልኬን ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ብትሰማ ኖሮ በማግስቱ እርጎ ይዛ ቤታችን የምትመጣ ሴት ነበረች፤ ከእሷ ደበቅኩና የት እንዳለ ለማላውቀው ሰው ሁሉንም ሰጠሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ስልኬ ላይ አንድ ማስታወቂያ ይመላለስ ጀመር። ነጭ ፂም ያላቸው አዛውንት ብርጭቆ ውሃ ይዘዋል፤ ሊጠጡ ይሞክራሉ፣ ያቅታቸዋል፣ ጉሮሯቸውን ይይዛሉ። ከዚያ አንዲት ሴት በሚጣፍጥ አማርኛ "ወላጅዎ መዋጥ አቅቷቸዋል? የምግብ ቧንቧ ካንሰር ቢሆንም ተስፋ አለ፤ ዛሬውኑ ይደውሉ" ትላለች። እኔ ባየሁት ቁጥር እዘጋዋለሁ። የአባቴ ስልክ ጨርሶ ትዝ አላለኝም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን የነገረኝ ራሱ አባቴ ነው። ማስታወቂያው መጀመሪያ የመጣበት በሁለት መዝሙር መካከል ነበር። ለሁሉም ሰው የሚመጣ መስሎት አለፈው። በማግስቱም መጣ፤ በሦስተኛውም። ሰውየው ጉሮሮውን ሲይዝ የእሱም እጅ ሳያውቀው ወደ ጉሮሮው መሄድ ጀመረ። ከዚያ አርባ ዓመት ያስተማረው ሒሳብ ተነሳበት። ያንኑ መዝሙር በሌላ ሰው ስልክ ላይ ብከፍተው ይመጣል ወይ ብሎ ጠየቀ። የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌ ስልክ ተዋሰ፤ ሽማግሌው ቤት እያሠሩ ነበርና የመጣላቸው የሴራሚክ ማስታወቂያ ነው። ከመዘምራን የአንዲቷን ወጣት ስልክ ተዋሰ፤ የፀጉር ቅባት መጣ። የአንድ ጨዋ ጎረቤታችንን ስልክ ሲከፍት ደግሞ የእግር ኳስ ውርርድ መጣና አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየውን ሲያይ ፈገግ ይል ነበር። መዝሙሩ ያው ነው፤ ሰዓቱም ያው ነው፤ የተለወጠው ስልኩ ብቻ ነው። እንግዲህ ያ አዛውንት የሚመጣው ለእሱ ብቻ ነው ማለት ነው። ጨጓራ እንዳልሆነ በዚያ አወቀ።

ለማንም አልተናገረም። ሦስት ሳምንት ይዞት ቆየ። መስቀልም ደረሰ፤ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ገባ፤ ቤቱ ሞላ። እናቴ ለእሱ ለብቻው በቅቤ የራሰ አተካና፣ የመስቀል የቡላ ምግባችንን፣ አለስልሳ ሠራችለት። በጥቂት በጥቂቱ ዋጠ። እያንዳንዳችንን ስማችንን እየጠራ መረቀን። በወጣትነቱ በቅሎ ጥላው ስለሄደችበት ቀን የሚያወራውን ወሬ ለመቶኛ ጊዜ አወራ፤ እኛም ለመቶኛ ጊዜ ሳቅን። ማጀት ውስጥ ወንድሜ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ተመስገን፣ ምንም አላወቀም" አለኝ። እኔም "ተመስገን" አልኩ። አባቴ ደግሞ ውጭ ተቀምጦ ልጆቼ በዓሉን በደስታ ይዋሉ እያለ ነበር። እንዲህ እየተደባበቅን የዋልነው መስቀል ከሁሉም መስቀል የተሻለው ነበር፤ አሁንም ሳስበው እስቃለሁ፣ ቀጥሎ አለቅሳለሁ።

የተቀጠረው ጠዋት አጎቴ ከሌሞ በጋሪ መጣ፤ ሽማግሌውም ኮታቸውን ቆልፈው አብረው ገቡ። እናቴ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ እኔ ከኋላዋ ቆምኩ። አጎቴ ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ዝናቡ ጀመረ። ከዝናቡ ወደ ገብሱ ሄደ። ከገብሱ ወደ ኢዮብ ተሻገረ፤ ኢዮብ ሀብቱን አጥቶ ገና ወደ ቁስሉ ሳይደርስ አባቴ እጁን አነሳ።

"ወንድሜ፣ ኢዮብ ድረስ አትድከም። ይዛችሁ የመጣችሁት ካንሰር ከሆነ አውቄዋለሁ።"

ሽማግሌው ቀስ ብለው "ማን ነገረህ?" አሉት።

"ስልኬ" አለ አባቴ።

ሽማግሌው ጠረጴዛው ላይ የተኛውን ስልክ ዞር ብለው አዩት። አጎቴ ቆቡን አውልቆ መልሶ አደረገው። ይህ በሽምግልና ዘመኑ ገጥሞት አያውቅም። አባቴ "ቁርስ ብሉ እንጂ፤ መርዶ ይዞ የመጣ ሰው ባዶ ሆዱን አይመለስም" አላቸውና ወደ እኔ ዞረ። አባቴ በቤት ውስጥ ሀዲይኛ ነው የሚናገረው። ሲቆጣ ብቻ ወደ አማርኛ ይሻገራል፤ የክፍል ውስጥ ቁጣው በአማርኛ ስለነበረ ይመስለኛል።

"አንቺ፣ ለማን ነገርሽ?" አለኝ በአማርኛ።

"ለማንም አልነገርኩም አባዬ።"

"ለማንም ካልነገርሽ ይሄ ነጋዴ ከየት አወቀ?"

ያኔ ነው የገባኝ። ፎርሙ፣ "እስማማለሁ"፣ ሁለቱም ስልክ ላይ ያለው የእኔ ኢሜይል። እንደ አይሲቲ መምህርት ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ተሰካካልኝ፤ እንደ ልጅ ደግሞ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። እየተንተባተብኩ ነገርኩት።

ሰምቶ ሲጨርስ እንዲህ አለኝ፦ "እናትሽ ደበቀችኝ፤ ይሁን። ወንድሜም ደበቀኝ፤ ይሁን። ስለምትወዱኝ ነው። ለባዳ ነግረሽ ለእኔ መደበቅሽ ግን ምን ይባላል? የታመምኩት እኔ ነኝ። ጉሮሮው የእኔ ነው። ከእኔ በፊት ሻጭ ይስማው?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "መርዶ ሲነገር ሰው ይያዛል። እኔን ማን ያዘኝ? እዚያ ዛፍ ሥር ዶሮዎቹ ብቻ ነበሩ።"

እናቴ ተነስታ ሄዳ ክንዱን ያዘችው። ሦስት ሳምንት ዘግይታ ያዘችው። እኔ እግሩ ሥር ወድቄ አለቀስኩ። አጎቴም አለቀሰ፤ ሽማግሌውም። አባቴ ብቻ አላለቀሰም፤ የእሱን ድርሻ አስቀድሞ ብቻውን ጨርሶታል።

ቁጣው ሁለት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን ጠራኝና "ያን የተስማማሽውን ነገር አምጪው፤ እናንብበው" አለኝ። መነጽሩን አድርጎ ያን ትንንሽ ፊደል ከላይ እስከ ታች ወረደበት። እንግሊዝኛ ነበር፤ ያልገባውን እየጠየቀኝ፣ እኔም ሳይገባኝ የገባኝ እያስመሰልኩ። ያስገባሁትን መረጃ "ለአጋሮቻችን" እናካፍላለን የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ። "አጋሮቻቸው እነማን ናቸው?" አለ። አላውቅም አልኩት። "ተማሪሽ ሳያነብ ቢፈርም ትቀጪው ነበር" አለኝ። እውነቱን ነው።

ቀጥሎ የስልኩን የማስታወቂያ ቅንብር ከፈትን። ስለ ስልኩ ባለቤት የሚታመነው ሁሉ ተደርድሯል። መዝሙር ይወዳል፤ የቤት ዕቃ ይገዛል፤ ጤና፣ ካንሰር፣ የውጭ አገር ጉዞ። ጾታ ሴት። አባቴ ይህን ሲያይ ሳቁ መጣ፤ ጉሮሮውን እያመመው ሳቀ። እናቴን ጠርቶ "ነይ እዪ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ያገባሽው ሴት ነው" አላት። ሁሉንም አንድ በአንድ አጠፋን። ለእሱ ለብቻው ኢሜይል ከፈትን፤ የይለፍ ቃሉንም ራሱ አወጣ፤ ለእኔም አልነገረኝም።

ለድርጅቱ ደብዳቤ እንድጽፍ አዘዘኝ፤ እሱ ተናገረ እኔ ጻፍኩ። እንደ ድሮው በሥርዓቱ፦ ጉዳዩ፣ የግል ሕመሜን ያለ ፈቃዴ ለንግድ ስለመጠቀም። "እኔ ለእናንተ ያስታወቅኩት ነገር የለም፤ ልጄ የነገረቻችሁም እንድትፈውሱኝ እንጂ እንድትከተሉኝ አይደለም" የሚለውን ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። መልስ ወዲያው መጣ። ስለ መልእክትዎ እናመሰግናለን፣ ባለሙያችን በቅርቡ ይደውልልዎታል ይላል። ማሽን ነው የመለሰው። አባቴ የቀድሞ ተማሪው የሆነ ጠበቃ ዘንድ ደወለና የግል መረጃን የሚጠብቅ አዋጅ መውጣቱን ሰማ። "ሕጉ አለ ጋሼ፤ ሥራ ላይ ሲውል ግን ገና አላየነውም" አለው ጠበቃው። አባቴ "እንግዲያው እስኪውል ሕዝቡ ይወቅ" አለና ወደ እኔ ጠቆመ።

በዚህ ዓይነት ነው አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ፊት ቆሜ "ስልካችሁን አውጡ" ያልኩት። ሰው ለመዋጮ መስሎት መውጫውን ማየት ጀምሮ ነበር። ከዚያ የእያንዳንዱ ስልክ ስለ ባለቤቱ ምን እንደሚያስብ አብረን አየን። ሳቅ ነበር፤ ጥቂት ሰዎች ግን ስልካቸውን ወዲያው ወደ ኪሳቸው መለሱ። ልጅ ያልወለደች አንዲት ሴት ባየችው ነገር ፊቷ ተለዋወጠና ጥግ ወስጄ ለብቻዋ አጠፋሁላት። ምን እንዳየች አልጽፈውም። አንድ ሰው ከኋላ ተነስቶ "እኔ የምደብቀው ስለሌለኝ አይመለከተኝም" ሲል አባቴ ከተቀመጠበት፣ ድምፁ ያኔ እንደ ሹክሹክታ ሆኖ ነበር፣ "በርህን ዘግተህ የምትታጠበው ሰርቀህ ነው?" አለው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰውየውም ስቆ ስልኩን አመጣልኝ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት መልካም ነበሩ ብል አባቴን ያላየ ሰው ይፈርድብኛል። ሕመሙ መረረ። ነገር ግን የሚደበቅ ነገር ስላልነበረን በሞቴ ንገሩኝ ሳይል ጥያቄውን ሁሉ ጠየቀን፤ እኛም መለስንለት። ቀብሩ የት እንደሚሆን ራሱ ተናገረ። እናቴን ማን እንደሚያያት ተነጋገርን። ያወቀ ሁሉ መጣ። ያቺ መምህራን ክፍል ስልኬን የደበቅኩባት ባልደረባዬ እርጎ ይዛ ስትገባ አባቴ "ዘገየሽ እኮ" አላት፤ እኔን እያየ። መዝሙሩም ቀጠለ፤ በመካከሉ ሳሙና ይምጣ ቢራ ይምጣ ግድ አልነበረውም፤ ያ አዛውንት ግን ተመልሶ አልመጣበትም። በመጨረሻዎቹ ቀናት ስልኩን መያዝ ሲያቅተው እኔ ጆሮው ላይ እይዝለት ነበር። አንድ ጠዋት እናቴ እጁን እንደያዘች አረፈ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ከእናቴ አጠገብ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ለቅሶ የሚደርስ ዘመድ መስሎኝ አነሳሁት። አንዲት ትሑት ልጅ ነበረች፤ ድምፅዋ ያማረ ነው።

"ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ከወራት በፊት ስለ አባትዎ ሕክምና ጠይቀውን ነበር። አሁን እንዴት ናቸው?"

ድንኳኑን አየሁት። ጊምቢቹ ደብዳቤ ያነበበላቸው እናቶች፣ አሁን አርጅተው፣ በልጆቻቸው ተደግፈው መጥተው ተቀምጠዋል። ከሌሞ፣ ከዳምቦያ የመጣው ሰው ወንበር ሞልቶ ውጭ ቆሟል። ለእያንዳንዳቸው አንድ ሰው እግሩን አንስቶ ሄዶ፣ ወይም ደውሎ አብሮ አልቅሶ፣ ነግሯቸዋል። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብነግራት የት እንደምትጽፈው አውቃለሁ፤ ከዚያ የሐውልት እብነ በረድ ማስታወቂያ ይመጣልኛል።

"እስካሁን የነገርኳችሁ ይበቃል" አልኳትና ዘጋሁት።

እናቴ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ "ማን ነው?" አለችኝ።

"አባዬን የማያውቅ ሰው ነው" አልኳት።